በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ውስጥ ናሙና የሚፈትን መሣሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ቶርኖ ማሽን አጠገብና በስልክ ደጋግመው የሚመጡልኝ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ይህ መሣሪያ ምንድን ነው? ተራው የመጎተቻ ማሽን አይበቃም ወይ?

ተራው ማሽን ብረቱን ወይም ድንጋዩን በክፍል ሙቀት፣ በአየር ላይ ይጎትታል ወይም ይጫናል። ለጣሪያና ለድልድይ ይህ ይበቃል። መሬት ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ወርዶ ለሚቀበር ቱቦ ግን አይበቃም። የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ጉድጓዶችን አስቡ። ጥልቆቹ እስከ 2,500 ሜትር ግድም ይወርዳሉ፤ ከመካከላቸው ሙቀታቸው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ አሉ። ቱቦው፣ ዙሪያውን የያዘው ሲሚንቶ፣ የቫልቩ ማሸጊያ፣ ሁሉም ሙቀቱን፣ ግፊቱንና ማዕድን ያዘለውን ውሃ በአንድ ጊዜ ይቀምሳሉ።

ስለዚህ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የብረት ሲሊንደር እንሠራለን። ውስጡን በውሃ ወይም በጋዝ እንሞላለን፣ እናሞቃለን፣ በክዳኑ በኩል በሚገባ ዘንግ ደግሞ ናሙናውን እንጎትታለን ወይም እንጫናለን። ግፊት፣ ሙቀትና ጉልበት ለየብቻቸው አያስቸግሩም። ችግሩ ሲገናኙ ነው። ሙቀቱ ማሸጊያውን ያበላሻል። ግፊቱ ዘንጉን ወደ ውጭ ይገፋል። ዘንጉ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ የእነዚህ ሦስቱ ጠብ ነው።

«ከፍተኛ» የሚባለው ከስንት ጀምሮ ነው?

እንደ ሙያው ነው። በነዳጅ ቁፋሮ ወደ 69 ሜጋፓስካል ግፊትና 150 ዲግሪ ሲታለፍ ሥራው ስሙ ይቀየራል። ለጂኦሎጂ ሰው ግን ይህ ገና መነሻ ነው። ድንጋይ በየኪሎ ሜትሩ ጥልቀት 26 ሜጋፓስካል ያህል ስለሚጨምር፣ የ20 ኪሎ ሜትር ጥልቀትን ለመምሰል ከ500 ሜጋፓስካል በላይ ያስፈልገዋል። 1 ሜጋፓስካል 10 ባር ነው። እዚህ የማወራው እስከ 100 ሜጋፓስካልና እስከ 600 ዲግሪ ስለሚደርሱት የቤተ ሙከራ መሣሪያዎች ነው።

በውሃ ልሙላው ወይስ በጋዝ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድማችሁ መልሱ። ሰው የሚሞትበትና የማይሞትበት ልዩነት እዚህ ጋ ነው።

አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 10 ሜጋፓስካል ላይ ሲደርስ በውስጡ የሚጠራቀመው ጉልበት 23 ጁል ግድም ነው። ይህ የ50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ አያነሳም። ያው አንድ ሊትር በናይትሮጅን ተሞልቶ እዚያው ግፊት ላይ ሲደርስ 18,000 ጁል ያህል ይይዛል። ያንኑ ከረጢት 36 ሜትር፣ ማለትም አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣ ጉልበት ነው። ጌጁ ላይ ግን ሁለቱም 100 ባር ብቻ ይላሉ። ስለዚህ ጌጁን አይታችሁ «ያን ያህል አይደለም» አትበሉ። ጠይቁ፦ ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ስንት ሊትር ነው?

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የጋለ ውሃ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ አይቆጠርም። የ300 ዲግሪ ውሃ ግፊቱ በድንገት ቢለቀቅ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። ከ100 ዲግሪ በላይ ያለውን ውሃ እንደ ጋዝ ፍሩት። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ሥራው በውሃ የሚሆን ከሆነ በውሃ ሥሩ። ሙቀቱ 400 እና 500 ዲግሪ ሲደርስ አርጎን ይሻላል፤ ከናሙናውም ከብረቱም ጋር አይጣላም። በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ መርቪን ፓተርሰን ለድንጋይ ሙከራ የሠራው ታዋቂ መሣሪያ በአርጎን ነው የሚሠራው፤ 300 ሜጋፓስካልና ከ1,200 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ጋዝ ከሆነ ባዶ ቦታውን በሴራሚክ ወይም በብረት ሙሉት፤ የጋዙ መጠን ሲያንስ አደጋውም ያንሳል። ምድጃ ባለበት ዘይት አታስገቡ። ዘይት በነካው ቱቦ ውስጥም አየር ወይም ኦክስጅን በከፍተኛ ግፊት አታስገቡ፤ ይቀጣጠላል።

ግድግዳው ምን ያህል ይወፍር?

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው የስስ ግድግዳ ቀመር ይዞ በመምጣት ነው። የውጭ ዲያሜትሩ የውስጡን እጥፍ የሆነ ሲሊንደር 100 ሜጋፓስካል ቢሞላ፣ ያ ቀመር በግድግዳው ላይ 100 ሜጋፓስካል ውጥረት አለ ይላችኋል። የወፍራም ግድግዳው የላሜ ቀመር ግን በውስጠኛው ገጽ ላይ 167 ነው የሚለው። ትክክሉም እሱ ነው።

«እንግዲያስ አወፍረዋለሁ» ትሉ ይሆናል። የውጩን የውስጡ ሦስት እጥፍ ብታደርጉት ውጥረቱ ወደ 125 ይወርዳል። የብረቱ ክብደት ግን ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። እስከፈለጋችሁት ብታወፍሩት እንኳ ከ100 በታች አይወርድም። ውጥረቱን የሚሸከመው ውስጠኛው ገጽ ነው፤ የውጩ ብረት ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ሁለት ሲሊንደሮችን አንዱን በሌላው ውስጥ በሙቀት አጥብቆ ማስገባት፣ ወይም እንደ መድፍ አፈሙዝ ውስጡን ሆን ብሎ በግፊት ትንሽ ማስለጠጥ የተፈለገው።

ግድግዳው ተስተካክሎም ቀዳዳ ያበላሸዋል። ለቴርሞካፕል (ለሙቀት መለኪያው ሽቦ) ብላችሁ ጎኑን ስትበሱት በቀዳዳው ጫፍ ላይ ውጥረቱ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። መግቢያዎቹን ሁሉ በክዳኑ በኩል አድርጓቸው።

የትኛው ብረት ይሻላል?

ሰው ሁሉ 316 ስቴንለስ ይላል። ዝገትን ይችላል፣ በቀላሉም ይገኛል። ግን ለስላሳ ብረት ነው። በክፍል ሙቀት ሳይመለስ መለጠጥ የሚጀምረው በዝቅተኛው ግምት 205 ሜጋፓስካል ላይ ነው፤ 400 ዲግሪ ላይ አቅሙ ወደ 60 በመቶ ግድም ይወርዳል። ከላይ ያለውን 167 አስታውሱ። አይበቃም። 17-4 የሚባለው ስቴንለስ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ተሰባሪ ስለሚሆን ለዚህ አልመክረውም። ኢንኮኔል 718 የሚባለው የኒኬል ቅይጥ እስከ 650 ዲግሪ ድረስ ጥንካሬውን ይይዛል፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። በጀት ከሌለ ሌላ መንገድ አለ። ምድጃውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡት፣ ግድግዳውን ከውጭ በውሃ አቀዝቅዙት። ያኔ ናሙናው 600 ዲግሪ ላይ ሆኖ ግድግዳው እጅ የሚያስነካ ይሆናል፤ ተራ ጠንካራ ብረትም ይበቃል።

በስቴንለስ ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረ ሲሊንደር ነበር። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ውስጡን አጽድተን ቀዩን የስንጥቅ መፈለጊያ ቀለም ቀባነው፣ ጠረግነው፣ ነጩን ዱቄት ነፋንበት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነጩ ላይ ቀያይ መስመሮች ብቅ አሉ፤ እንደ ዛፍ ሥር እየተከፋፈሉ የሚሄዱ። ክሎራይድ ያለበት ውሃ፣ ሙቀትና ውጥረት አንድ ላይ ሆነው የሠሩት ነው። ያንን ሲሊንደር በማግስቱ ልንሞላው ነበር። የተጣራ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ። ይህን ቀለም ደግሞ ቢያንስ በየዓመቱ ቀቡ፤ በጣም ርካሽ ነው።

ውሃውን እስከ አፉ ብሞላው ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። ማበጫ ቦታ ካጣ ግፊቱ ይወጣል፤ የሚወጣውም በጣም ፈጥኖ ነው። ጥግ ድረስ የሞላ ዝግ ሲሊንደር በክፍል ሙቀት አካባቢ በእያንዳንዱ ዲግሪ ግማሽ ሜጋፓስካል ያህል ይጨምራል። 100 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ በየዲግሪው ከአንድ ሜጋፓስካል በላይ። ምድጃው ከታሰበው 20 ዲግሪ ቢያልፍ ምን እንደሚሆን አስሉት።

ከላይ ክፍት ቦታ ከተተወ ግን ግፊቱን የሚወስነው እንፋሎቱ ነው፤ እሱም ይታወቃል። 200 ዲግሪ ላይ 1.6 ሜጋፓስካል ያህል፣ 300 ላይ 8.6፣ 350 ላይ 16.5 ነው። 374 ዲግሪና 22.1 ሜጋፓስካል ላይ ሲደርስ በውሃና በእንፋሎት መካከል ያለው ድንበር ይጠፋል። የአሞላል ሕጉ ከዚህ ይወጣል። 300 ዲግሪ ላይ የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት 712 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛው ከሲሊንደሩ 71 በመቶ በላይ ከሞላችሁ፣ 300 ሳይደርስ ክፍት ቦታው ያልቃል። እኔ ለ300 ዲግሪ ከ60 በመቶ አላልፍም። የሲሊንደሩን መጠን ስታሰሉም ዘንጉና ናሙናው የሚይዙትን ቦታ ቀንሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

የትኛውን ማሸጊያ ልጠቀም? ኦሪንጉስ (ክቡ የጎማ ቀለበት) ለምን ቶሎ ቶሎ ይበላሻል?

ለዚህ ዘርፍ መሠረት የጣለው የሃርቫርዱ ፐርሲ ብሪጅማን እ.ኤ.አ. በ1946 ኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ትልቁ ብልሃቱ ማሸጊያ ነበር። ግፊቱ ራሱ ማሸጊያውን እንዲያጠብቀው አደረገ፤ ግፊቱ ሲጨምር ማሸጊያውም የበለጠ ይጠብቃል። ኦሪንግም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ብሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅ አይጠቅመውም። ተራው የናይትራይል ጎማ ኦሪንግ 100 ዲግሪ አካባቢ፣ ቪቶን የሚባለው ጎማ 200 አካባቢ ድረስ ያገለግላሉ። ተራው ቪቶን በጋለ እንፋሎት ውስጥ ግን ይጎዳል። ካልሬዝ የሚባለው ውድ ጎማ ወደ 300 ይጠጋል። ከዚያ በላይ የብረት ማሸጊያ ወይም የመዳብ ጓርኒሲዮን ነው። እኔ የምመርጠው ግን ማሸጊያውን ከሙቀቱ ማሸሽ ነው። ክዳኑን አርዝሙት፣ በማሸጊያው ዙሪያ ቀዝቃዛ ውሃ አዙሩ። ማሸጊያው 80 ዲግሪ ላይ ከሆነ ተራ ኦሪንግም ይበቃል።

የተበላሸውን ኦሪንግ ሳታዩ አትጣሉት። ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እያዞራችሁ እዩት። በአንድ ጠርዙ አይጥ የበላው መስሎ ከተቆራረሰ፣ በዘንጉና በክዳኑ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል፤ ጠንካራ ደጋፊ ቀለበት ከኋላው ጨምሩ። ላዩ ላይ እብጠትና ፈንጣጣ ካለ፣ ጋዙን በጣም ፈጥናችሁ ለቃችኋል። ክብነቱ ጠፍቶ ጠፍጣፋ ከሆነ ሙቀት መቶታል። ቀጥ ያለ መቆረጥ ካለበት ደግሞ ስትገጥሙት ስለታም ጠርዝ አግኝቶታል፤ ጠርዙን አለስልሱት።

ከመገጣጠሚያው ጎን ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ታፈሳለች። ልድፈናት?

በፍጹም! ያቺ ቀዳዳ ጥፋት አይደለችም፤ ጠባቂያችሁ ናት። የከፍተኛ ግፊት መገጣጠሚያ የሚያሽገው በቱቦው ሾጣጣ ጫፍ ነው፤ ጥርሱ የሚያገለግለው ለመግፋት ብቻ ነው። ሾጣጣው ማፍሰስ ሲጀምር ፈሳሹ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ከተደፈነች ግፊቱ ከኋላ ይጠራቀምና በቱቦው ጫፍ ብቻ ሳይሆን በጥርሱ ሙሉ ስፋት ላይ ያርፋል። ያኔ መገጣጠሚያው እንዳለ ተስፈንጥሮ ይወጣል።

በአንድ ቦታ ቀዳዳዋ በሲሊኮን ተደፍና፣ ጥርሱ ደግሞ በቴፍሎን ተጠቅልሎ አግኝቻለሁ። የሠራው ልጅ ጎበዝና ጠንቃቃ ነው፤ የውሃ ቧንቧ ላይ የተማረውን ነው ያደረገው። ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይህን ንገሩት፦ ቴፍሎን እዚህ ቦታ የለውም፤ ቀዳዳዋም አትነካም። ካፈሰሰች ግፊቱን ወደ ዜሮ አውርዱ፣ ፍቱ፣ ሾጣጣውን በአጉሊ መነጽር እዩ። ግፊት እያለ መፍቻ አታሳርፉበት።

ግፊቱ ማታ ማታ ይወርዳል። እያፈሰሰ ነው ማለት ነው?

መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እዩ። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። በክፍል ሙቀት የ3 ዲግሪ ለውጥ 1 በመቶ ነው። ስለዚህ 20 ሜጋፓስካል የነበረው ከሰዓት እስከ ንጋት ክፍሉ 8 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ከግማሽ ሜጋፓስካል በላይ ይወርዳል፤ ሳያፈስ። ጠዋት ክፍሉ ሲሞቅ ግፊቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የሙቀት ነው። ካልተመለሰ የሳሙና ውሃ ይዛችሁ መገጣጠሚያዎቹን በዝቅተኛ ግፊት ቼክ አድርጉ። አንዱን ቫልቭ በአንድ ጊዜ እየዘጋችሁ ክፍል ክፍሉን ለዩት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ሲሊንደሩ ሳይሆን የመልቀቂያው ቫልቭ ነው፤ መቀመጫው ላይ ትንሽ ቆሻሻ ይቀራል።

ቴርሞካፕሉ የሚያሳየውን ማመን እችላለሁ?

ከመገናኛው ሳጥን ጀምሩ። ቴርሞካፕሉን በመዳብ ሽቦ ካስረዘማችሁት፣ ስህተቱ በመገናኛ ሳጥኑና በማሳያው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ያህል ነው። ሳጥኑ ምድጃው አጠገብ ሆኖ 60 ዲግሪ ቢደርስና ክፍሉ 22 ቢሆን፣ ማሳያው 38 ዲግሪ ቀንሶ ያነባል። ተቆጣጣሪው «ገና ነው» ብሎ ናሙናውን 38 ዲግሪ አብልጦ ያሞቀዋል። ማስረዘሚያው ትክክለኛ ሆኖ በሁለቱም ጫፍ ከተገለበጠ ደግሞ ስህተቱ እጥፍ፣ 76 ዲግሪ ይሆናል። ማሳያው ግን ሲሞቅ ስለሚጨምር ማንም አይጠረጥርም።

መገልበጡ የሚመጣው ከቀለም ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀይ ሲያይ ፖዘቲቭ ነው ይላል። በአሜሪካው አሠራር ግን የቴርሞካፕል ቀዩ ሽቦ ነጋቲቭ ነው፤ ኬ የሚባለው ዓይነት ፖዘቲቩ ቢጫ ነው። በአውሮፓው ፖዘቲቩ አረንጓዴ፣ ነጋቲቩ ነጭ። ከሁለቱም አገር ዕቃ በሚመጣበት ቤተ ሙከራ በቀለም አትተማመኑ፣ በመለኪያ አረጋግጡ።

በፈላ ውሃ የምትፈትኑ ከሆነ የት እንዳላችሁ አስቡ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ግድም ነው። «8 ዲግሪ ይጎድላል» ብሎ ደህናውን ቴርሞካፕል ያበላሸ ሰው አውቃለሁ።

የናሙናው ላይኛው ጫፍ ከታችኛው ለምን ይሞቃል?

ጋዝ ሲጨመቅ ከባድ ይሆናል፤ ከባድ ጋዝ ደግሞ ሲሞቅ በኃይል ይዘዋወራል። አየር ላይ ደህና የሠራ ምድጃ አርጎን ሲሞላበት የላዩ ጫፍ በብዙ ዲግሪ የሚበልጠው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። ክፍት ቦታውን በሴራሚክ ቁርጥራጭ ጠቅጥቃችሁ የጋዙን መንገድ መዝጋት፣ ምድጃውን ደግሞ በሁለት ወይም በሦስት ክፍል ከፍሎ ታችኛውን አብዝቶ ማሞቅ። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አንድ አንድ ቴርሞካፕል አድርጉ። አየር ላይ ያስተካከላችሁት ልክ ግፊት ውስጥ አይሠራም፤ በሥራው ግፊት ላይ እንደገና አስተካክሉ።

ዘንጉ ናሙናውን ሳይነካ ሎድ ሴሉ (የጉልበት መለኪያው) ለምን ጉልበት ያሳያል?

ግፊቱ ዘንጉን እየገፋው ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ በ100 ሜጋፓስካል ላይ 31 ኪሎ ኒውተን፣ ከ3 ቶን በላይ ይገፋል። 6 ሚሊ ሜትር ናሙና በ400 ሜጋፓስካል ውጥረት የሚፈልገው 11 ኪሎ ኒውተን ግድም ብቻ ነው። የምትፈልጉት ልክ ከማትፈልጉት አንድ ሦስተኛ ነው ማለት ነው። ግፊቱ በ1 በመቶ ብቻ ቢወዛወዝ ናሙናው ላይ 11 ሜጋፓስካል ስህተት ይገባል።

በዚህ ላይ የማሸጊያው ሰበቃ አለ። ዘንጉ ሲገባ በአንድ አቅጣጫ፣ ሲወጣ በሌላው ይይዛል፤ በሙቀትም ይቀያየራል። ቢያንስ ይህን አድርጉ፦ በሥራው ግፊትና ሙቀት ላይ ናሙናውን ሳይነካ ዘንጉን በሙከራው ፍጥነት አንቀሳቅሱና ንባቡን መዝግቡ። ሲነካ ንባቡ የሚሰበርበት ነጥብ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ያለው የናሙናው ነው። የተሻለው መፍትሔ በሌላ ክፍል በኩል እኩል ስፋት ላይ መልሶ የሚገፋ፣ ሚዛኑን የጠበቀ ዘንግ መሥራት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሎድ ሴሉን ራሱን ሲሊንደሩ ውስጥ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ውድ ነው፤ ግን የሰበቃውን ጣጣ ያስቀራል።

መለጠጡን ከውጭ የምትለኩ ከሆነም የዘንጉን የራሱን መጨመቅ ቀንሱ። በናሙናው ቦታ ባሕርይው የታወቀ የብረት ቁራጭ አስገብታችሁ አንዴ ለኩት።

ክዳኑ አልፈታ ብሏል። በረጅም ቱቦ ላስገድደው?

ከማስገደዳችሁ በፊት ውስጡ ግፊት እንደሌለ በሁለት የተለያዩ መንገዶች አረጋግጡ። የተዘጋ ቱቦ ያለበት ጌጅ ዜሮ ያሳያል፤ ዜሮ ማለት ባዶ ማለት አይደለም። የመልቀቂያውን ቫልቭ ከፍታችሁ በሌላ መግቢያ በኩልም እንደሚተነፍስ እዩ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ግፊት ከሌለ ምክንያቱ ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ተፋፍቆ መጣበቁ ነው። ማስገደድ ጥርሱን ይበላዋል። ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ መፍቻው እያላችሁ ዘልቆ በሚገባ ዘይት ሥሩት። ለሚቀጥለው ጊዜ ዳዶውን ከብሎኑ በተለየ ጥንካሬ ካለው ብረት አሠሩ፣ ኒኬል ያለበት የከፍተኛ ሙቀት ቅባት ቀቡ። ተራ ግሪስ ተቃጥሎ ሙጫ ይሆናል።

አዲሱን ሲሊንደር ከመጠቀሜ በፊት እንዴት ልፈትነው?

በቀዝቃዛ ውሃ። በጋዝ አይሞከርም። የሲሚንቶውን ከረጢት አስታውሱ። አየሩን በሙሉ አስወጡ፤ ጥግ ላይ የቀረ አየር የጋዝ ሙከራ ያደርገዋል። የአሜሪካው የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ ለተራ የግፊት ዕቃዎች ከሚሠራበት ግፊት 1.3 እጥፍ ይጠይቃል፤ በሙቀት ለሚሠራ ደግሞ ብረቱ በሙቀት የሚያጣውን ጥንካሬ ጨምሮ ከፍ ይላል። ይህንን አትዝለሉ፤ ቀዝቃዛ ብረት ከጋለው ይጠነክራል። ከፈተናው በፊትና በኋላ የሲሊንደሩን ውጫዊ ዲያሜትር በማይክሮሜትር በተመሳሳይ ቦታ ለኩ። ልዩነት ካለ ብረቱ ተለጥጧል፤ አትጠቀሙበት። ግፊቱን ደረጃ በደረጃ አውጡ፤ በክዳኑ ፊት ለፊት ማንም አይቁም።

እ.ኤ.አ. በ1905 በማሳቹሴትስ ብሮክተን ከተማ የጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞተዋል። የማኅበሩ የቦይለር ደንብ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1914 እትሙ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 1.3 ከእነዚያ ሰዎች ጋር ነው የሚታየኝ። ለዚህም ነው ከአሮጌ ሃይድሮሊክ ጃክ ወይም ከተጣለ የጋዝ ሲሊንደር እንሥራ ለሚሉኝ ወዳጆቼ ሁልጊዜ እምቢ የምላቸው። የብረቱ ዓይነትና ታሪክ ካልታወቀ ስሌት የለውም።

ሙከራው ሳምንታት ይፈጃል፣ መብራት ደግሞ ይጠፋል። ምን ላድርግ?

ጋለ ያለ ብረት በቋሚ ጫና ቀስ እያለ ሲለጠጥ የምንለካበት ሙከራ መቋረጥ አይወድም። ምድጃውን በባትሪ ማቆየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ተቆጣጣሪውንና መዝጋቢውን ግን በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚተካ ባትሪ) ላይ አድርጉ። መብራት የጠፋበትን ሰዓት፣ ሙቀቱ ስንት እንደወረደና በስንት ሰዓት እንደተመለሰ ካላወቃችሁ ያ ዳታ አይታመንም። ጫናው በክብደት የተንጠለጠለ ከሆነ ሙቀቱ ቢጠፋም ናሙናውን መጎተቱን ይቀጥላል፤ ዘንጉም እየቀዘቀዘ ያጥራል። ይህንን መለጠጥ አድርጋችሁ እንዳታነቡት።

ከባዱ መብራቱ ሲመለስ ነው። ተቆጣጣሪው ምድጃው መቀዝቀዙን አይቶ ሙሉ ኃይል ይለቃል፤ ግድግዳው በድንገተኛ ሙቀት ይወጠራል። ስለዚህ ዋናውን ኮንታክተር (ለምድጃው ኃይል የሚያገናኘውንና የሚቆርጠውን ማብሪያ) መብራት ሲጠፋ የሚለቅና ሰው በቁልፍ ካልመለሰው በራሱ የማይገባ አድርጉት። የብረት ማሸጊያ ሲቀዘቅዝና እንደገና ሲሞቅ ማፍሰስ ስለሚጀምር፣ መጀመሪያ ግፊቱን ለአንድ ሰዓት ያህል ተከታተሉ፣ ከዚያ በሰዓት ከ100 ዲግሪ በማይበልጥ ፍጥነት አሙቁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ። ምድጃውን የሚያበራና የሚያጠፋው የኤሌክትሮኒክስ ሪሌ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ እንደጠፋ አይቀርም፤ እንደበራ ይቀራል። ተቆጣጣሪው «አጥፋ» እያለ ምድጃው ይነዳል። የራሱ ቴርሞካፕል ያለውና ያንን ኮንታክተር የሚቆርጥ ሁለተኛ የሙቀት ጠባቂ ሳይኖር ማታ ጥላችሁት አትሂዱ። በወር አንዴ ልኩን ዝቅ አድርጋችሁ በትክክል መቁረጡን በዓይናችሁ እዩ፤ ቀኑንም መሣሪያው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ጻፉ።